«የማስተማር ፍልስፍናሽን ጽፈሽ አምጪ» ተባልኩ፤ ምን ልጻፍ?

የአባዶዋ ሚስ፦
ሰላም ለቤቱ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ኬጂ 1 ሳስተምር ስድስት ዓመቴ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት አመልክቼ ከሲቪዬ ጋር አንድ ገጽ «የግል የማስተማር ፍልስፍና» አስገቢ አሉኝ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሁሉ «እያንዳንዱ ሕፃን ልዩ ነው» ብሎ ይጀምራል። እውነት ነው። ግን 38 ልጅ አንድ ሳሎን ውስጥ ይዤ (የኪራይ ቪላ ነው፣ የቴሌቪዥን መስቀያው እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ) መስከረም ላይ የምለያቸው በምሳ ዕቃቸው ነው።

ፍልስፍና ያለኝም አይመስለኝ። አምና አንድ ልጅ ነበረኝ፤ እርሳስ በጡጫው ጨብጦ ደብተሩን ይቀድዳል። እናቱ «የጎረቤት ልጅ እኮ ስሙን ይጽፋል» እያለች በር ላይ ትጠብቀኛለች። እርሳሱን ወስጄ ሦስት ሳምንት ምስር አስለቀምኩት። ዳይሬክተራችን አይተው «ወጥ ልትሠሪ ነው?» አሉኝ። ይሄ ይጻፋል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ የሚጻፈውማ እሱ ነው! ምስር የሚለቀመው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው፤ እርሳስም የሚያዘው በነሱው ነው። ጣቱ ያልጠና ልጅ ቢጽፍም ክንዱን እያመመው ነው። ጣልያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 (በፈረንጆቹ) ሮም፣ ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ከፈተች። ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር ወደ ጽሕፈት የሚገቡት። እኛም ቄስ ትምህርት ቤት በስንደዶ እየነካን ነው ፊደል የለየነው፤ አለንጋው ባይኖርበት ጥሩ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አታጪም፤ ሀን ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊ።

ደግሞ «በጨዋታ አስተምራለሁ» ብለሽ አትለፊ። የቱን ጨዋታ? እቃቃ ከሆነ ማን እናት እንደሆነ፣ ማን እንደተኳረፈ፣ አንቺ ምን እንዳልሽ ጻፊ።

የሁለት ልጆች አባት፣ ጣፎ፦
እኔ ወላጅ ነኝ፣ አትቀየሙኝ። ከፍለን ስንልክ የምናየው ደብተር ነው። ባዶ ከሆነ ተበላን እንላለን። የኔዋ ማታ ሁለት ገጽ ኤ ቢ ሲ ይዛ ትመጣለች፤ እንቅልፏ ስለሚመጣ እጇን ይዤ የምጽፈው እኔ ነኝ። እና ሚስ፣ ለእናትየው ምን አልሻት? እሱን ጻፊው፤ ቀጣሪዎቹም የሚቸገሩት በእኛ በወላጆች ነው።

የአባዶዋ ሚስ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አላልኳትም፤ አንድ ጠዋት ገብታ እንድትቀመጥ ብቻ ለመንኳት። ልጇ የፕላስቲክ ኩባያውን ጠጥቶ ጨረሰና ከፍ አድርጎ «ሚስ፣ ሀ!» አለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደፋውና «ተገለበጠ፣ በ ሆነ» አለ። እኔ አላሳየሁትም፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። እናትየው ሳቀች፣ በማግስቱ ግን «መጻፉስ መቼ ነው?» ብላ በር ላይ ቆማለች።

ገጹን በኩባያው ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌላ ልጅ ምስሩን አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ጤና ጣቢያ የሮጥንበትንም ልጻፍ እንዴ?

ጡረተኛው መምህር፦
ጻፊ። በምን እንደተካሽው ጨምረሽ።

የአባዶዋ ሚስ፦
በቆርኪ 😅