ነገ ጠዋት ይቀርባል! የባቄላው ክክ ከአፈር አልወጣም

የሶል እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ውስጥ ታቀርባለች። በተቆረጠ ሃይላንድ ዘርተን ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። ግንዱ ወጥቷል፣ ቅጠልም አለው። ደብተሯ ላይ ባለው ሥዕል ግን ሁለቱ ክኮች ከአፈር ወጥተው ግንዱ ላይ ናቸው። የእኛ ላይ ምንም የለም። አምስቱም እንደዚያው ናቸው። ገልብጠን ዘርተነው ይሆን? ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

ብሩክ ዘአዳማ፦ ውሃ በዝቶበት ነው። ውሃ ቀንሺና ፀሐይ ላይ አውጪው።

ጡረተኛው መምህር፦ ከመሠረቱ እንነሳ ልጄ። ዘር ልባስ፣ ሽልና ስንቅ አለው። ሽሏ ትንሿ ተክል ናት። ስንቁ ደግሞ ቅጠሏ ፀሐይ አግኝቶ ራሷን እስክትችል የምትበላው ነው። በባቄላና በአተር ስንቁ ያለው በሁለቱ ክክ ውስጥ ነው። በቆሎና ስንዴ ግን ክካቸው አንድ ብቻ ነው፤ ስንቁም የተቀመጠው ከክኩ ውጭ ነው። በቆሎ እንደ ባቄላ ለሁለት የማይከፈለው ለዚህ ነው። ገብስ ብቅል ሲሆን የሚጣፍጠውም ሽሉ ነቅቶ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ነው። ገልብጦ መዝራት ደግሞ አያሳስብሽ። ዘሩ እንዴትም ይቀመጥ፣ ሥሩ ዞሮ ቁልቁል ይሄዳል።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ቀኑ ነገ ጠዋት ነው!

አቤል፦ ክክ ከጠፋ እኛ ቤት አንድ ኪሎ አለ፣ ልላክ?

የእርሻው ልጅ፦ ቆይ፣ ምኑ ነው የተበላሸው? መጀመሪያ ዘሩ ምን እንደሆነ ንገሪን። ባቄላ ነው ቦሎቄ?

የሶል እናት፦ ባቄላ ነው፣ ለበቆልት ከገዛሁት ላይ ነው የወሰድነው። መምህሯ ያሉት "ቢን" ነው። ልዩነት አለው እንዴ?

ብሩክ ዘአዳማ፦ ውሃ ቀንሺ ብያለሁ። የእኔም እንደዚህ ሆኖ ነበር።

የእርሻው ልጅ፦ ብሩክ፣ ተክሉ ጤነኛ ነው፣ ውሃውን ተወው። እህቴ፣ ነገሩ ያለው "ቢን" የሚለው ቃል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ባቄላም ቦሎቄም ቢን ይባላሉ። ደብተሩ ላይ ያለው ሥዕል የቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ሲበቅል ከክኩ በታች ያለው የግንዱ ክፍል ይረዝማል። እንደ ሜንጦ ጎብጦ ክኩን ከአፈር ጎትቶ ያወጣዋል። አኩሪ አተርም እንደዚያው ነው። ባቄላ ላይ የሚረዝመው ከክኩ በላይ ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ክኩ አፈር ውስጥ ይቀራል። አተር፣ ሽምብራና ምስርም እንዲሁ ናቸው። አንዱን በቀስታ ንቀይው፣ ሁለቱን ክክ ከሥሩ አጠገብ ታገኛቸዋለሽ።

የሶል እናት፦ ነቀልነው! አሉ! ተሸብሽበዋል ግን አሉ። ታዲያ ሥዕሉ ስህተት ነው ብላ ትናገር?

ጡረተኛው መምህር፦ ስህተት አትበል። "ሥዕሉ የቦሎቄ ነው፣ የእኔ ባቄላ ነው፣ ልዩነቱ ይኸው" ትበል። ክኩ የተሸበሸበው ስንቁ ስለተበላ ነው፤ ይህንንም ታሳይ። እኔ ብሆን ሙሉ ውጤት እሰጣታለሁ።

ሚሚ፦ አሁኑኑ ጥቂት ባቄላና ቦሎቄ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊ። ጠዋት ልባሱ በጥፍር ይላጣል። ለሁለት ስትከፍተው ሽሏ አንደኛው ክክ ላይ ተጣብቃ ትታያለች። እኔ ልጄን ያሳየኋት እንዲህ ነው፣ በጣም ነው የወደደችው። የቁስል አዮዲን ካለሽ ክኩ ላይ አንድ ጠብታ ጣይበት። ስታርች ስላለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል።

አቤል፦ እኔ የምለው፣ ወጥ የምንሠራበት ክክም ይሄው ነው ማለት ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ አዎ ልጄ፣ ራሱ ነው። የተከካ አተር ብትዘራው ግን አይበቅልም፤ ሲከካ ሽሉ ይሰበራል ወይም ይረግፋል።

የሶል እናት፦ ቦሎቄ ፍለጋ ሱቅ እየወጣሁ ነው። ሳይዘጉ ልድረስ።

ሚሚ፦ የሶል እናት፣ ዛሬ እንዴት ዋለች? አቀረበች?