ጸሐፌ ትእዛዝ የመንግሥት ሠራተኛው ራስ ነበር ወይስ የንጉሡ እጅ?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የታተሙትን የድሮ ነጋሪት ጋዜጦች ሳገላብጥ አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ። በእያንዳንዱ አዋጅ አናት ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብሎ የሚጀምረው የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከነማዕረጉ ይሰፍራል፤ ግርጌው ላይ የሚነበበው ግን የጽሕፈት ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ስም ነው። መኰንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላም ይህ አልተለወጠም። በአንዳንድ አገሮች መንግሥት ሲለዋወጥ ከቦታው የማይነሣ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የበላይ የሆነ ሹም እንዳለ ይታወቃል። ጸሐፌ ትእዛዝ በእኛ አገር የዚያ ዓይነት ሥልጣን ነበር ማለት ይቻላል?

መልስ፣ ከታሪክ መምህር

ጥሩ ቦታ ላይ ነው ዓይንዎ ያረፈው። ማዕረጉ ከሚኒስቴሩ እጅግ ይቀድማል፤ በጎንደር ዘመን ቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል የሚጽፍና ዜና መዋዕሉንም የሚያዘጋጅ ባለሟል ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የጦሩን ሥራ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የጽሕፈቱን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ ለጻፉት ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። አዲስ ነገር የነበረው የሚኒስትርነቱ ስያሜ እንጂ ሥራው አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የወሰነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ከወጣ ወዲህ የመንግሥቱን ማኅተም መጠበቅ፣ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ማውጣትና የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ለየመሥሪያ ቤቱ ማስተላለፍ የጽሕፈት ሚኒስቴር ሥራ ሆነ። ይህ ሲነበብ ተራ የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ አብዛኛውን ትእዛዝ በቃል ይሰጡ በነበረበት ዘመን ያ ቃል በገንዘብ ሚኒስቴር ወይም በአንድ ጠቅላይ ግዛት ዋጋ የሚኖረው በደብዳቤ ሲደርስ ነበር፤ ደብዳቤውን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ምን እንደታዘዘ ብቻ ሳይሆን መቼና በምን ቃል እንደሚደርስም የመወሰን ዕድል ነበረው። ወልደ ጊዮርጊስ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበሩ ሰው ናቸው፤ በጽሕፈት ሚኒስትርነታቸው ላይም ሌሎች ሚኒስቴሮችን ደርበው ይዘዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማዕረግ ይበልጧቸው ነበር፤ በሥልጣን ግን የሚወዳደራቸው አልነበረም።

መልስ፣ ከሕግ ባለሙያ

የመምህሩን ታሪክ እቀበላለሁ፤ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ግን «አይደለም» የሚል ነው። ጠያቂው የጠቀሱት ዓይነት ሹም ዋናው መለያው ሿሚው ቢለወጥ እንኳ በቦታው መቆየቱ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ከዙፋኑ አጠገብ ከቆዩ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ተነሥተው የአርሲ ጠቅላይ ገዥ ሆነው ሲሄዱ፣ ያንን ሁሉ ሥልጣን ያስቀረላቸው ሕግም ሆነ ተቋም አልነበረም። ኃይላቸው የንጉሡ አመኔታ ነበር፤ አመኔታው ሲነሣ አብሮ ሄደ።

ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጨው በ1953 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን እንደያዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ፖለቲካውን የሚመራውና ማኅተሙን የሚጠብቀው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ጽሕፈት ሚኒስቴር ራሱን የቻለ፣ ከፖለቲካ የራቀ የአስተዳደር ማዕከል የመሆን ዕድሉ ጨርሶ ጠበበ። የካቲት 1966 ዓ.ም. ካቢኔው ሥልጣን ሲለቅ፣ በላይ ሆኖ የመንግሥቱን ሥራ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ገለልተኛ ሹም ያልነበረው በአንድ በኩል ለዚህ ይመስለኛል። (አክሊሉ ራሳቸው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።)

በነገራችን ላይ፣ ተራው የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀጠርበትና ደረጃ የሚያገኝበት ወጥ ሥርዓት መዘርጋት የጀመረው በ1954 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ በተቋቋመ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ጸሐፌ ትእዛዝ በዚህ መንገድ ቢታይም እንኳ የሠራተኛው አለቃ አልነበረም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ዛሬ ያ ሥራ ማን ዘንድ ነው?

መልስ፣ ከታሪክ መምህር

ተበታትኗል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠባቂነት ሲሆን፣ በአዋጆቹ ግርጌ የሚገኘው የፕሬዚዳንቱ ስም ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥራ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሠራተኛው አስተዳደር ደግሞ በራሱ አዋጅና በራሱ መሥሪያ ቤት ይመራል። የሕግ ባለሙያው ያነሡትን የገለልተኝነት ጉዳይ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ሚኒስትር ዴኤታዎችም የፖለቲካ ተሿሚዎች ስለሆኑ፣ በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ ሚኒስትሩ ሲቀየር የሚቆየውን ሰው መፈለግ የሚያስፈልገው ከእነሱ በታች፣ ከዳይሬክተሮቹ ጀምሮ ነው።