ጥቆማ፦ ለበረንዳ የሚሆን ደብሊው ፒ ሲ የት ላግኝ?

የሰሚቱ፦ ሰላም ቤተሰብ። በረንዳዬ ክፍት ነው፤ ዝናብም ፀሐይም ያገኘዋል። ደብሊው ፒ ሲ የሚሉትን፣ ከሰጋቱራና ከተጣለ ፕላስቲክ የሚሠራውን የወለል ሳንቃ ላነጥፍ አስቤያለሁ። የቱ ይሻላል? ከየት ልግዛ?

የቡልቡላ ልጅ፦ መርካቶ የኔ ደንበኛ ጋ ሂድ። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ። ሻይ ሳያጠጣ አይሸኝህም።

እናት ዓለም፦ ኧረ ተጠንቀቁ! እኔ ደብሊው ፒ ሲ ተብዬ የመታጠቢያ ቤት በር ገዛሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ታችኛው ጫፍ አብጦ አልዘጋም አለ። በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል። ሱቁ ሄጄ ብናገር "ውሃ አስነክተሽው ነው" አሉኝ። የመታጠቢያ ቤት በር እኮ ነው!

ጎሮ፦ የኔም ማጠፊያው ተነቅሎ ወጣ። በር ከሆነ አሉሚኒየም አሠሩ።

የሰሚቱ፦ እኔ የጠየቅኩት የበረንዳ ወለል ነበር 🙏

ታዛቢ፦ ሻይ የሚያጠጣ ሱቅ ሳንቃው አያብጥም ማለት ነው?

አናጺው፦ የእህታችን በርና ያንተ ወለል ጉዳያቸው አንድ ነው። እንጨት ውሃ ይስባል፣ ፕላስቲክ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ ዝም ብለው ቢቀላቀሉ አይያያዙም። ደህና ፋብሪካ ሁለቱን የሚያስተሳስር ኬሚካል ይጨምራል። ያ ሲጎድል ውሃው ቃጫውን ተከትሎ ይገባል። የእንጨትም የወረቀትም ቃጫ ጥንካሬ የሚሰጠው ረዘም ቀጠን ሲል ነው። የደቀቀ ዱቄት ግን በአብዛኛው ቦታ መሙያ ነው። ሱቁ ቁራጭ ይስጥህ። መዝነው፣ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን አቆየው፣ ጠራርገህ እንደገና መዝነው። ክብደቱ በደንብ ከጨመረ ወይም ጫፉ ካበጠ ተወው። ስታነጥፍ ደግሞ በሳንቃዎቹ ጫፍ ክፍተት ተው፤ በሙቀት ይረዝማል። ከሥር ያለው ሞራሌ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራራቅ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦ እዚህ ዊንቼስተር ላይ ትሬክስ የሚባለው ሳንቃ ከፌስታልና ከሰጋቱራ ነው የሚሠራው። አዲሶቹ ሳንቃዎች ላያቸው በፕላስቲክ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ እድፍና ሻጋታ ቶሎ አይዛቸውም። አንተም ላዩ የተሸፈነውን ጠይቅ። ጥቁሩን ግን አትግዛ፤ ፀሐይ ሲመታው በባዶ እግር አይረገጥም።

እናት ዓለም፦ አናጺው፣ ያበጠው በር ይጠገናል?

አናጺው፦ አይጠገንም እህቴ። አዲስ ስታስገቢ ታችኛውን ጫፍ ከመግጠምሽ በፊት በሲሊኮን አሽጊው።

የቡልቡላ ልጅ፦ እኔ አሁንም መርካቶ ነው የምለው። የላከኝ እገሌ ነው በለው፣ ይቀንስልሃል።

ጎሮ፦ እሑድ ይከፍታል?