ከኦፕሬሽን በኋላ «መሥራት ይችላል» የሚል ወረቀት ከየት ይጻፋል?

ጠያቂ፣ አዲስ ከተማ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ መርካቶ ያለ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው፣ ቋሚ ቅጥር። በመንግሥት ሆስፒታል የቡአ ኦፕሬሽን ተደርጎለት የተሰጠው የዕረፍት ወረቀት ሰኞ ያልቃል። ድርጅቱ «መሥራት እንደሚችል ማስረጃ ካላመጣ አናስገባም» ብሏል። የሐኪም ቀጠሮው ደግሞ ከሰኞ በኋላ ገና 2 ሳምንት ይቀረዋል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ቢጽፍለት ይበቃል? መሐል ያሉት ቀናትስ እንደ መቅረት ይቆጠሩበታል?

ተመላላሽ ክፍል ነርስ
እህቴ፣ ክሊኒኩን ተዪው። ኦፕሬሽኑን ያልሠራ፣ ካርዱንም ያላየ ሐኪም የጻፈውን ድርጅቱ ባይቀበል አይፈረድበትም። ቀጠሮው ሩቅ ቢሆንም ዕረፍቱ ሳያልቅ እዚያው የታከመበት ሆስፒታል ይሂድ። የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሲሄድ የካርድ ቁጥሩን፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ማጠቃለያና የመጀመሪያውን የዕረፍት ወረቀት ይያዝ። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ገብቶ ካርዱን ያስወጣ፤ ያለ ካርድ የሚጽፍለት ሐኪም አያገኝም። ዕረፍቱ ካለቀ በኋላ ሄዶ «ያለፈውንም ቀን ጨምራችሁ ጻፉልኝ» ቢል ደግሞ እምቢ ይሉታል፣ ልክም ናቸው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ነው። «መጋዘን ነው የምሠራው» ካለ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ሊመስለው ይችላል። «50 ኪሎ ጆንያ በትከሻዬ ከመኪና አወርዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ» ብሎ በግልጽ ይናገር። ከቡአ ኦፕሬሽን በኋላ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሳት ይከለከላል። ሸክም ሲነሳ ሆድ ይወጠራል፣ ግፊቱም በቀጥታ የተሰፋው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ሳይጠገን ከተጫነው ቡአው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ መሥራት ይችላል ላይል ይችላል። ዕረፍቱን ቢያራዝም ወይም በገደብ ይሥራ ቢል እንደ ሽንፈት አትዩት። እንጀራው እንዳይቋረጥ ብሎ «ደህና ነኝ» እያለ ሐኪሙን እንዳያስቸኩል ምከሪው።

የሰው ሀብት፣ ካዛንቺስ
ወረቀቱ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ የምናየው ይህን ነው፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቅጥር ውሉ ላይ እንዳለው፤ የካርድ ቁጥር፤ የታየበት ቀን፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፤ የሐኪሙ ፊርማና ቲተር (ስሙ ያለበት ማኅተም)፤ የሆስፒታሉ ክብ ማኅተም። ብዙ ወረቀት የሚመለሰው በማኅተሙ ነው። ሐኪሙ ይፈርምና ሰውየው ማኅተም ሳያስመታ ከግቢ ይወጣል።

ሌላው ቀኑ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። 10/02/26 የሚለው የካቲት 3 ቀን 2018 ነው፤ እኛ ቢሮ ግን 02ን ጥቅምት ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። ከዚያ የዕረፍቱ ቀንና የመቅረቱ ቀን አይገጥምም፣ ደመወዝም ይያዛል። «ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ይጻፉልኝ» ብሎ እዚያው ይጠይቅ።

«ቀላል ሥራ ይሥራ» የሚል ወረቀትም አይረዳኝም፤ ቀላሉ የቱ እንደሆነ የሚወስነው የመጋዘን ኃላፊው ይሆናል። «እስከዚህ ቀን ድረስ ከ10 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ» ከተባለ ግን ቆጠራ ወይም ርክክብ ላይ ልመድበው እችላለሁ። ኪሎውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ቁጥር እንዲኖረው ግን አስጽፉ። ኮፒ አስቀርታችሁ ዋናውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ኮፒው ላይ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ይኑር። በአለቃ እጅ ብቻ የተሰጠ ወረቀት በኋላ «አላየሁም» ይባላል።

የሠራተኛ ማኅበር፣ ልደታ
መቅረትን በተመለከተ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ ነው። ሐኪሙ ካራዘመለት ቀናቱ የሕመም ፈቃድ ናቸው፣ መቅረት አይባሉም። በመቅረት ወዲያውኑ ለማሰናበት ስለ መቅረቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን የቀረ መሆን አለበት፤ እሱም ቀናቱ ፈቃድ ተብለው የማይያዙ ከሆነ ነው። ሰኞ ወረቀቱ ካልደረሰለት ዝም ብሎ ቤት አይቀመጥ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠቅሶ ማመልከቻ ጽፎ ገቢ ያስደርግ።

ካሰናበቱት ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እስከዚያ በስምምነት ለመጨረስ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ዕብጠቱ የጀመረው ሥራ ላይ ዕቃ ሲያነሳ ነው?

ጠያቂ፣ አዲስ ከተማ
አዎ፣ ቆርቆሮ ሲያወርዱ ነው ድንገት ያመመው። ለፈረቃ ኃላፊው ያኔውኑ ነግሮታል፣ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

የሠራተኛ ማኅበር፣ ልደታ
እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከተባለ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ይሆናል፤ ክፍያውም የመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀረው 6 ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። ቡአ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል «ድሮም ነበረበት» ብለው ይከራከራሉ። አብረውት ሲያወርዱ የነበሩት ልጆች ሳይበተኑ ስማቸውን ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተነገረውን ኃላፊ ጠቅሶ ጉዳቱን በጽሑፍ ያሳውቅ። ሆስፒታል ሲሄድም ሕመሙ መቼና ምን ሲያደርግ እንደጀመረ መጀመሪያ ቀን ለሐኪሙ የተናገረው ካርዱ ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ሰፍሮ ከተገኘ በማስረጃው ላይ እንዲጠቀስለት ያመልክት።