«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ ነጥቧ ስንት ቤት ታልፋለች?

ፔዳ ሰፈር፦
«የሚከተለውን አስርዮሽ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ጻፉ» የሚል ጥያቄ ሥር 28,000,000,000 ተቀምጧል። የጣና ውሃ መጠን ነው፤ 28 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ኪዩቢክ ሜትር ሲመነዘር። ነጥብ የሌለው ቁጥር እንዴት አስርዮሽ ተባለ? ደግሞስ «አርቢ» የሚሉት ከከብት አርቢው ጋር አንድ ቃል ነው?

ሰባታሚት፦
አስርዮሽ ማለት «ነጥብ ያለበት» ማለት አይደለም። «ዮሽ» የምትለዋ ቅጥያ ሁለትዮሽ፣ ሦስትዮሽ ላይ ያለችው ናት። አስርዮሽ በአስር በአስር የሚሄድ አቆጣጠር ነው፤ የአስር ቤት የአንድ ቤት አስር እጥፍ፣ የመቶ ቤት የአስር ቤት አስር እጥፍ። በአፍ ልማድ ቃሉ ነጥብ ላለበት ቁጥር ብቻ እየተወሰነ ስለመጣ ነው የሚያደናግረው። ሙሉ ቁጥርም ቢሆን ነጥብ አለው፤ ከመጨረሻው ዜሮ ቀጥሎ፣ ሳይጻፍ።

አርቢ አንድ ቃል ነው፤ የሚያራባ፣ የሚያበዛ። 10⁹ ላይ አርቢው 9 ነው። ቅር የሚለው ነጌቲቭ ሲሆን ነው፦ አርቢ ተብሎ የሚያሳንስ! ቢሆንም «ቴን ፓወር ናይን» ከማለት «አስር፣ አርቢው ዘጠኝ» ይሻለኛል።

ጣና ዳር፦
ሰባታሚት እንዳለው የማይታየውን ነጥብ መጀመሪያ በእርሳስ ጻፉት። ከዚያ 2 እና 8 መካከል እስኪደርስ ወደ ግራ ቤት ቤቱን ቁጠሩ፤ 10 ቤት ነው። መልሱ 2.8 × 10¹⁰። ብዙ ሰው ዜሮዎቹን ብቻ ቆጥሮ 9 ይልና 2.8 × 10⁹ ይጽፋል። ያ ጣናን በአንድ ጊዜ አሥር እጅ ያደርቀዋል። 28 × 10⁹ ቢጻፍ ዋጋው ትክክል ነው፣ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ግን አይባልም፤ ፊት ያለው ቁጥር ከ1 የማያንስ፣ 10 የማይሞላ መሆን አለበት። የፊቱን በአስር ካካፈልን አርቢው በአንድ ይጨምራል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ማረጋገጫ ደግሞ እንሆ። የሐይቁ ስፋት 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 10³ ሜትር ስለሆነ፣ ስኩዌሩ 10⁶፣ ኪዩቡ 10⁹ ይሆናል። ስለዚህ ስፋቱ 3 × 10⁹ ስኩዌር ሜትር። ውሃውን ለስፋቱ ስናካፍል የፊቶቹ ይካፈላሉ፣ አርቢዎቹ ይቀናነሳሉ፦ 0.93 × 10¹፣ ማለትም 9.3 ሜትር አማካይ ጥልቀት። ስኩዌሩን ረስቶ በ10³ ብቻ ያባዛ ሰው 9,300 ሜትር ያገኛል። ታንኳ ቀዛፊ ይስቅበታል።

3 × 10⁹ እና 3.000 × 10⁹ ዋጋቸው አንድ ቢሆንም ንግግራቸው ይለያያል። ሁለተኛው «እስከ አራተኛው አሃዝ ለክቼ አውቃለሁ» ይላል። በክረምትና በበጋ ዳርቻው ለሚሸሽና ለሚመለስ ሐይቅ እንደዚያ አይጻፍም።

ፔዳ ሰፈር፦
ገባኝ። የነጌቲቩስ? «ወደ ቀኝ ሲሄድ ነጌቲቭ» ብሎ መያዝ ይበቃል?

ጣና ዳር፦
አይበቃም፤ መልሰህ ስትዘረዝረው አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ያምታታሃል። ይልቅ ቁጥሩን እየው፦ ከ1 ካነሰ አርቢው ነጌቲቭ ነው፣ አለቀ። ክረምት ላይ ውሃውን የሚያደፈርሰውን ደለል ውሰድ። ከውስጡ ሸክላ የሚባለው ቅንጣት ከ0.000002 ሜትር ያነሰ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ዜሮዎች 5 ናቸው፤ ነጥቡ ግን 2ን መሻገር ስላለበት 6 ቤት ይሄዳል፦ 2 × 10⁻⁶።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሰነድ ላይ ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ከላይ ያለችው ትንሿ አሃዝ ወርዳ 10¹⁰ «1010» ሆኖ ይቀራል። «10^10» ብላችሁ ጻፉት።

ሰባታሚት፦
ጋሼ፣ የግዕዙን እርስዎ ይንገሩን፤ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» የሚለው ለዚህ ጨዋታ የተሠራ ይመስላል።

የቅኔ ቤት፦
ይመስላል እንጂ ሁለቱ «እልፍ» ዘመድ አይደሉም። የመጀመሪያው «እልፍ ማለት» ከአለፈ ነው፤ በግዕዝ ኀለፈ፣ በኀ። ሁለተኛው 10,000 ነው፤ በአ የሚነሳ፣ ከዓረብኛው አልፍና ከዕብራይስጡ ኤሌፍ ጋር የሚዛመድ። እነሱ ዘንድ ግን 1,000 ነው፣ እኛ ዘንድ በአስር እጥፍ አደገ። ምሳሌው የተዋበው በድምፅ መግጠም ነው።

በእናንተ አነጋገር እልፍ 10⁴ ነው፤ ነጥቧ አራት ቤት እልፍ ስትል እልፍ ይገኛል። ምልክቱን ፼ን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሁለት ፻ ተያይዘው ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ። ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው የሚቆጠር ዜሮም የለም። ሁለት ፼ ጎን ለጎን ሲቆሙ 10⁸ ይሆናሉ፤ አራትና አራት ተደመሩ ማለት ነው። የጣና ውሃ እንግዲህ 280 ጊዜ 10⁸ ስለሆነ፦ ፪፻፹፼፼።