ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት በሼርፖይንት ላይ በሩብ ዓመት እንዴት ልክፈል?

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ በድሬዳዋ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ስሆን፣ የድርጅቱን ግቦች አፈጻጸም በሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የሰነድና የመረጃ ማጋሪያ ሥርዓት) ዝርዝር ላይ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ምልክት ለማሳየት እየሞከርኩ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ በደረቅ ወደብ በሚቆይባቸው ቀናት ረገድ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውጤቱ የተሻለ እንዲሆን ማድረጉ አላስቸገረኝም።

ያቃተኝ የሩብ ዓመቱ አከፋፈል ነው። ሐምሌ 1 ቀን ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል፣ የወሩን ቁጥር ለ3 የሚያካፍለው የተለመደው ቀመር ከጁላይ 1 እስከ 7 የተመዘገበውን የሰኔ ሥራ ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት ይወስድብኛል። ይህንን መነሻ ቀናቱን ሁኔታን በሚፈትሸው የ«ኢፍ» ቀመር ውስጥ በማስገባት አስተካከልኩ፤ ሆኖም ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን (ለሒሳብ ሰው እውነተኛ ፈተና ናት) የሁለተኛው ሩብ ዓመት መነሻ የሆነው ጥቅምት 1 ቀን ከኦክቶበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል። የየዓመቱን መነሻ ቀናት በሌላ ዝርዝር ባስቀምጥም፣ ስሌት የሚሠራው ዓምድ ከራሱ ረድፍ ውጭ ያለ መረጃ አያነብም።

በየዓመቱ በእጅ ከመለወጥ ይልቅ፣ ሩብ ዓመቱን በፓወር አውቶሜት (ሥራን በራሱ በሚያከናውን መሣሪያ) አስልቶ መጻፍ ይሻላል ወይስ በፓወር ቢአይ (በመረጃ መተንተኛ መሣሪያ) የቀን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት? በዚህ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የተከተላችሁትን አካሄድ ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።