ሂት ፓምፕ ካስገባሽ መንግሥት ይከፍልልሻል አሉኝ፤ እውነት ነው?

ባለ አሮጌ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ቤት ያላችሁ እስቲ እርዱኝ። አሮጌ ቤት ገዝተን ገባን። በብርዱ ወራት የማሞቂያው ቢል ወገብ ይቆርጣል። እንዲያም ሆኖ ላይኛው ፎቅ ያለው የልጆቹ መኝታ ቤት ይበርዳል።

ሰሞኑን አንድ ሻጭ በር አንኳኩቶ መጣ። የድሮውን ማሞቂያ አውጥተን ሂት ፓምፕ (በመብራት እየሠራ ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ማሽን) እንገጥማለን፣ 30 ፐርሰንቱን መንግሥት በታክስ ይመልስልሻል፣ በዚያ ላይ 8,000 ዶላር ሪቤት አለ፣ ግን ዛሬ ከፈረምሽ ነው አለኝ። ባለቤቴ «መንግሥት በነጻ የሚሰጠው ነገር የለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የእኔ ልብ ግን ተንጠልጥሏል። መስኮቶቹንም መቀየር እንፈልጋለን። ከየት ልጀምር? ታክስ ክሬዲትና ሪቤትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ታክስ በማታ፦
እህቴ፣ ሻጩ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ይዞ ነው የሚዞረው። 30 ፐርሰንቱ በ2022 በወጣው ሕግ የሰፋው ክሬዲት ነው። ለሂት ፓምፕ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር፣ ለኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ለሚሞላው)፣ ለመስኮትና ለበር ደግሞ በድምሩ እስከ 1,200 ይሰጥ ነበር። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ግን አሳጠረው። ከዲሴምበር 31, 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ ይህ የፌዴራል ክሬዲት የለም። ቀብድ ከፍዬ ነበር ማለትም አያዋጣም፤ ተገጥሞ ማለቅ ነበረበት።

ሌሎቻችሁ ግን ከ2023 እስከ 2025 ቤታችሁ ላይ ያሠራችሁት ነገር ካለ ሪሲቱን ፈልጉ። ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 5695 ሳትሞሉ ታክስ ያስገባችሁ፣ በ1040-ኤክስ ማስተካከል ትችላላችሁ። በአብዛኛው ሦስት ዓመት ጊዜ አላችሁ። ለኢንሱሌሽንና ለመስኮት የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ለሂት ፓምፕ የመግጠሚያው ክፍያም ይገባል። ደግሞ ይህ ክሬዲት ያለባችሁን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ከዜሮ ወርዶ ቼክ አይልክላችሁም። የተረፈውም ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

ጣሪያ ሥር፦
ታክስ በማታ ክሬዲቱን ጨርሶታል፤ እኔ ሪቤቱን ልያዝ። ሥራዬ ቤት መፈተሽ ነው። አቲክ ውስጥ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ባዶ ቦታ፣ ተንበርክኬ ነው የምውለው።

ሪቤት ከታክስሽ ጋር አይገናኝም። ወይ እዚያው ዋጋው ላይ ይቀነስልሻል፣ ወይ ሥራው ካለቀ በኋላ ቼክ ይመጣል። የሚመጣበት ኪስም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የመብራት ወይም የጋዝ ድርጅትሽ ነው። በብዙ ስቴት ለዚሁ ፕሮግራም ተብሎ ቢሉ ላይ የሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ አለ። እየከፈልሽበት ከሆነ ለምን አትጠቀሚበትም?

ሁለተኛው ስቴቶች የሚያስተዳድሩት የፌዴራል ገንዘብ ነው። በ2022ቱ ሕግ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል። ሻጩ የጠራው 8,000 ከዚህ ነው። አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ውጦታል። 8,000 ጣሪያው ነው። ገቢያችሁ ከአካባቢያችሁ መካከለኛ ገቢ 80 ፐርሰንት በታች ከሆነ፣ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ሙሉ ወጪው ይሸፈናል። በ80 እና በ150 መካከል ከሆነ ግማሹ። ከ150 በላይ ከሆነ ከዚህኛው ምንም የለም። ሁሉም ስቴት አልከፈተውም፤ ከፍቶ ገንዘቡ ያለቀበትም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይጸድቅልሽ ያስጀመርሽው ሥራ አይታሰብም። አስገጥሞ ኋላ ማመልከት የለም። «ዛሬውኑ ፈርሚ» የሚልሽ ሰው ወይ ይህን አያውቅም፣ ወይ አንቺ እንድታውቂ አይፈልግም።

ዌዘራይዜሽን የሚባል፣ ቤት ሙቀት እንዳያባክን የሚያድስ የመንግሥት ፕሮግራምም አለ፤ ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 ፐርሰንት ካላለፈ መጥተው በነጻ ይሠራሉ። ወረፋው ረጅም ነው። የእኛ ሰው «ለድሃ ነው» ብሎ ይሸሸዋል፤ ልጆች የበዙበት ቤት ግን ሳያስበው መስመሩ ውስጥ ይገኛል።

አሁን ወደ ልጆቹ ክፍል። ላይኛው ፎቅ የሚበርደው ማሽኑ ደክሞ ላይሆን ይችላል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በአቲኩ ቀዳዳ ያመልጣል፣ ቤቱ ደግሞ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ፈታሽ ሲመጣ የውጭ በርሽ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና የቤቱን አየር ወደ ውጭ ያወጣል። ያኔ ቤቱ ራሱ ይናገራል። እጅሽን ሶኬቱ ጋ፣ የአቲኩ መክደኛ ጠርዝ ጋ፣ ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበረው መብራት ዙሪያ ስታስጠጊ ብርዱ ይነፋብሻል። እኔ አቲክ ስገባ መጀመሪያ የማየው ፋይበርግላሱን፣ ያን ሮዝ ጥጥ የሚመስለውን ኢንሱሌሽን ነው። ሮዙ ጠቁሮ ካገኘሁት ብዙውን ጊዜ ሥሩ ቀዳዳ አለ። ከቤት የሚያመልጠው አየር በውስጡ ሲያልፍ እንደ ማጣሪያ አቧራውን ያስቀርበታል። በዚያ ላይ አዲስ ኢንሱሌሽን ቢከመርበት ቀዳዳው እዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይደፈን፣ ቀጥሎ ኢንሱሌሽን፣ ከዚያ ማሽን። ለመድፈኛውና ለኢንሱሌሽኑም ከዚያው የስቴት ገንዘብ እስከ 1,600 ዶላር አለ፤ የገቢ ደንቡ ያው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ለሚያፈስ ቤት የተለካ ትልቅ ማሽን ትገዢያለሽ። ቤቱ ሲደፈን ማሽኑ ይተርፋል፤ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየተነሣ በበጋ እርጥበቱን በቅጡ አያወጣም። ኮንትራክተሩን «ማኑዋል ጄ ሠርተሃል?» በይው። የቤቱን የሙቀት ፍላጎት የሚያሰሉበት ስሌት ነው። የቤቱን ስፋት ብቻ ጠይቆ መጠን የሚነግርሽን አሰናብቺው።

መስኮት? መጨረሻ ላይ። ካልበሰበሰ ወይም ካልተሰበረ አትንኪው። ለወጣበት ገንዘብ እንደ እሱ ትንሽ የሚመልስ የቤት ሥራ አላየሁም።

ባለ አሮጌ ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የሻጩን ወረቀት ደግሞ አነበበው። «ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከንብረት ታክስ ጋር የሚከፈል» ይላል። ይሄስ ምንድን ነው?

ቤት ሻጭ ነበርኩ፦
ፔስ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። ብድር ነው። በአንቺ ስም ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላይ ይመዘገባል፣ ከንብረት ታክሱ ጋር ይሰበሰባል። ንብረት ታክሱን በሞርጌጅሽ በኩል የምትከፍሉ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ድንገት ይዘላል። ቤቱን ስትሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ስታደርጉም (የቤቱን ብድር በአዲስ ስትቀይሩም) ብዙ አበዳሪ መጀመሪያ እሱን ዝጉ ይላል። የመንግሥት ስጦታ መስሏቸው ፈርመው፣ ሲሸጡ ክሎዚንግ (የሽያጩ መዝጊያ ፊርማ) ላይ የደነገጡ ደንበኞች ነበሩኝ። ለፈረማችሁ ደግሞ፦ ቤታችሁ መጥቶ ለሸጠላችሁ ነገር በፌዴራል ደንብ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። በጽሑፍ አድርጉት።

ባለ አሮጌ ቤት፦
ባለቤቴ ይህን ካነበበ ወዲህ ቤት ውስጥ እየተንጎራደደ ነው፤ «አላልኩሽም?» ሊል። አልፈረምንም፣ ተመስገን። ፈታሹን ማን ጋ ደውዬ ነው የማገኘው?

ጣሪያ ሥር፦
መጀመሪያ መብራት ድርጅትሽ ጋ። «ሆም ኢነርጂ ኦዲት» በያቸው፤ ብዙዎቹ በቅናሽ፣ አንዳንዶቹም በነጻ ያደርጉታል። ቀጥሎ የስቴትሽ ኢነርጂ ቢሮ፤ ሪቤቱ መከፈቱን እነሱ ይነግሩሻል። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚይዙት ዲዛየር የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ ዚፕ ኮድሽን ስታስገቢ የአካባቢሽን ፕሮግራም ይዘረዝርልሻል።

ፈታሹ ሲመጣ የአንድ ዓመት ቢል አዘጋጂ። ከአቲኩ መክደኛ ሥር ያለውን ሻንጣም አንሺለት። ግማሹ ጊዜያችን የሚያልቀው ሻንጣ በማንሳት ነው።